ሩማንያ ይሰማል፣ ሞጣ አይሰማም

ሩቅ አገር ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎችን እየፈለጉ ማዳመጥ እወዳለሁ። የሚሉት ግን አይገባኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ታዲያ ምን ይላሉ?» ብሎ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር ነው። ይህችን ጥያቄ የቢቸና ሰው ተራ በተራ ጠይቆኛል፤ መልሷን እስካሁን አላገኘሁም።

ሰውን የሚይዘው ብዙ ነው። አንዱን ጫት ይይዘዋል፣ አንዱን ካርታ፣ አንዱን የጎረቤት ሚስት። እኔን የያዘኝ አጭር ሞገድ ነው። ከጎረቤት ሚስት ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ ባሏ አይመጣም። የቀበሌ ሰው ግን ይመጣል፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ሱሱን ያስያዘኝ ከአርባ ምንጭ ተመድቦ የመጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። እኔ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የእሱ ክፍልና የእኔ ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ማታ ማታ አብረን እራት እንበላና እሱ ያንን ጡብ የሚያህል ሬዲዮውን ይከፍታል። «መርፌዋን በቀስታ፣ እንደ ተኛ ሕፃን እያለፍካት» ይለኛል። እኔ እስቅበታለሁ። ዝውውር ደርሶት ዕቃውን ሲሸክፍ ሬዲዮውን አንስቶ ሰጠኝ።

«አንተ ያዘው» አለኝ። «እኔ ወደ ቤተሰቤ መሄዴ ነው፤ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።»

ያን ጊዜ ስጦታ መስሎኝ አመሰገንኩት። ቆይቼ ሳስበው መድኃኒቱን ከነበሽታው ነው ያስረከበኝ።

እኔ የሞጣ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ይታይሽ እዚያው ሞጣ አስተማሪ ናት፤ ልጃችንም ከእሷ ጋር ናት። የእኔ ምደባ ቢቸና ሲሆን ዘመድ ሁሉ «ቅርብ ነው፣ ደብረ ወርቅንና ግንደወይንን ካለፍክ ምን አለ?» ብሎ መረቀኝ። እውነት ነው፣ ቅርብ ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን ቅርብ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን ቅርብ አገር ከሩቅ አገር ይብሳል፤ ሩቁንማ ማን ይደርስበታል ብሎ ይጠብቀዋል?

መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ ሲባል እኛ በስልክ እንጽናና ነበር። መጽናናት ካሉት። ይታይሽና እኔ በስልክ የምንነጋገረው እየከሳ እየከሳ ሄዶ አጥንቱ ቀርቶ ነበር።

«ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። አንተስ?»

«ደህና ነኝ።»

«በል እንግዲህ።»

ይህችን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ እንወስዳለን። ተጣልተን አይደለም። ተጣልተን ቢሆን ኖሮ የምንለው አናጣም ነበር። ቀስ በቀስ የእሷን ቀን እኔ አላውቀውም፣ የእኔን ቀን እሷ አታውቀውም፤ የማያውቁትን ቀን ደግሞ ምን ብለው ይጠይቁታል? ከዚያ የከተማችን የስልክ ማማ ታመመ። ሕመሙ ምን እንደሆነ የነገረን የለም። እኛም እንደ ታማሚ ቤተሰብ «ዛሬ እንዴት አደረ?» እየተባባልን ከረምን። አልተሻለውም።

እንግዲህ ሬዲዮው የተጠናወተኝ ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ሽቦ አበጀሁ። ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ ለምኜ፣ አንዱን ጫፍ ከቤቴ ጣሪያ፣ ሌላውን ጫፍ ከመጸዳጃ ቤቱ ምሰሶ አሰርኩት። አከራዬ እትየ አለሚቱ ሽቦውን ባዩት በማግስቱ ልብስ አሰጡበት። ምን ልበል? ግቢው የእሳቸው፣ ምሰሶው የእሳቸው፣ ልብሱም የእሳቸው ነው። ስለዚህ ጣቢያዎቼን እንደ ልብሱ ዓይነት ማወቅ ጀመርኩ። ነጠላ ሲሰጣ ቻይና ትደክማለች። ጋቢ ሲሰጣ ከነጭራሹ ትጠፋለች። ብርድ ልብስ በታጠበበት ሳምንት በዓለም ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ጠላቴ መብራት ነው። ወፍጮ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ የየቤቱ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ሁሉ ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ ይንጫጫል። መብራት ሲጠፋ ግን ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ይላል። ከተማው በሙሉ «ኤዲያ!» ሲል እኔ ብቻ «እሰይ!» እላለሁ። አንድ ቀን አፌን አልያዝኩትም፤ እትየ አለሚቱ ወጣቸውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ጥደው ሳለ መብራት ሄደና «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ሽሮው ጥሬውን ቀረ። ሰላምታቸው እስኪመለስ ሰነባበተ።

የሦስተኛውን ጠላቴን ስም አላውቀውም። ጣቢያ ሰዓት ሲሞላ ስሙን ይናገራል። ደክሜ ደክሜ፣ አንዱን ድምፅ ከሹክሹክታ አውጥቼ፣ ጆሮዬን ከሬዲዮው ሆድ ለጥፌ ስጠብቅ፣ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ «ይህ ...» ሊል ሲል ይተናል። ሁልጊዜ ልክ እዚያች ላይ! ስሙን ተናግሮ ሲያበቃ ይመለሳል። ዕዳ እንዳለበት ሰው ስሙ ሲጠራ የሚሰወር ጣቢያ ስንቱን አየሁ።

አንድ ማለዳ ግን ሳይሰወር ቀረ። ሴትዮዋ ጥርት ባለ ድምፅ «ሩማንያ» ስትል ሰማሁ። ከሩማንያ ምንም የለኝም፤ ካርታ ላይ አሳይ ብባልም እንጃ። ግን ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሣሁና በቁምጣ ወለሉን ዞርኩት። ሩማንያን ያዝኩ! ለማን ልንገር? ስልኬን አንስቼ ለይታይሽ ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለችኝ ሌላዋ ሴትዮ። ሩማንያ እየተሰማ ሞጣ አይሰማም። ሬዲዮውን እንደ ከፈትኩት ትቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ ጫማዬን ሳላደርግ፣ የሥራ ሰዓት እስኪደርስ ያችን ሴትዮ አዳመጥኳት።

አንድ አመሻሽ ላይ እትየ አለሚቱ በሬን ገፋ አድርገው ገቡ።

«ዶክተር» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም። ለእሳቸው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ሥጋ ቆራጩን ዶክተር ያላሉት ጋዋኑ ስለሚቀላ ብቻ ነው። «ይኼ ሳጥንህ ቤሩት ይደርሳል አሉ።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ። ትናንት በዓረብኛ ሲጮህ በጆሮዬ ሰማሁት። እስኪ ለእናኑ ‹እናትሽ ደህና ናት፣ የጠፋው ስልኩ ነው› በልልኝ።»

እናኑ ልጃቸው ናት፤ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ማማው ከታመመ ወዲህ ድምፅዋን አልሰሙም።

«እትየ፣ ይኼ መስማት እንጂ መናገር አይችልም።»

«ሲናገር እየሰማሁት?»

«እሱማ ይናገራል። ለእሱ መልስ መስጠት የማንችለው እኛ ነን።»

«እንደ ሟቹ ባሌ ነዋ!» አሉና በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያው ያለችበትን አገር አሰማኝ። እሷ የምትሰማውን እኔም ልስማው።»

ዓረብኛ ፈለግኩላቸው። ዓረብኛ በአመሻሽ አይታጣም፤ አንዲት ሴት ዜና የመሰለ ነገር ታነባለች። ቤሩት ትሁን፣ ካይሮ ትሁን፣ ሌላ ትሁን፣ ስሟን ልትናገር ስትል እንደ ልማዱ ተነነ። የት እንደሆነ አላውቅም ብል አልሰሙኝም። ለእሳቸው ቤሩት ሆኗል። ነጠላቸውን ከጆሮአቸው ገለጥ አድርገው እንደ ስብከት አዳመጡ።

«ሴትዮዋ ጉንፋን ይዟታል» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ የሬዲዮው ሹክሹክታ ነው፣ እትየ።»

«አይደለም፣ አፍንጫዋ ታፍኗል። ቤሩት በርዷል ማለት ነው።» ተነሡ። «እናኑ ወፍራም ልብስ የላትም» አሉና ተክዘው ወጡ። ላጽናናቸው ብዬ አስጨነቅኳቸው።

በማግስቱ ግን ተመለሱ፤ በማግስቱም። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን መሪጌታ ጥበቡ የጨጓራ ኪኒን ሊጠይቁኝ መጥተው እዚያው ቀሩ። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቃል ካለበት አይጠፉም።

«ይህ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ ሬዲዮውን እያመለከቱ።

«አላውቅም፣ መሪጌታ።»

«ቋንቋውስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«መልካም። ሰሙ ከጠፋብን ወርቁን እንፈልጋ!» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ረጅም ጊዜ አዳምጠው «ይህ ሰው የታመመ ዘመድ አለው» ሲሉ ፈረዱ። «ቃሉን ሲጨርስ ዝቅ ያደርገዋል፤ ተስፋ የቆረጠ አይደለም፣ የፈራ ነው።» እኔ የአየር ጠባይ የሚያነብ ይመስለኝ ነበር፤ ግን እሳቸው ካሉ በኋላ እኔም አዘንኩለት። እትየ አለሚቱም «ይማርልህ» አሉት። ሰውዬው ወዲያው ሙዚቃ ለቀቀ። መሪጌታ «ሐዘኑን ሊረሳ ነው» አሉ እንጂ አላፈሩም።

እነዚያ ምሽቶች ደጎች ነበሩ። ያለኝ አንድ በርጩማና አንድ ሲኒ ነበር፤ በርጩማው የእትየ፣ ሲኒው የመሪጌታ ሆነ፣ እኔ አልጋው ላይ ተጠጋሁ። አንድ ቻይናዊ ሲሟገት አብረን ፈረድንለት። አንዲት ልጅ በማናውቀው ቋንቋ ስትዘፍን አብረን ራሳችንን ነቀነቅን። ችግሩ ሲሄዱ ነው። ድሮ ቤቴ ዝም ሲል ዝም ይል ነበር፣ በቃ። አሁን ግን እነሱ «ደህና እደር» ብለው ሲወጡ ዝምታው እንደ አዲስ ተከራይ ዕቃውን ይዞ ይገባል።

ወሬ እግር አለው። «ዶክተሩ በሽቦ ከውጭ አገር ጋር ይነጋገራል» ተባለ። መድኃኒት ሊወስድ የመጣ ሰው ኪኒኑን ተቀብሎ ጎንበስ ይልና «የሪያዱን ወንድሜንስ ታገኝልኛለህ?» ይለኛል። ከዚያ የቀበሌው የጸጥታ ኃላፊ አቶ ሞላ መጡ። እንደ እውነቱ ጨዋ ሰው ናቸው። በር ላይ ቆመው ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የእትየን ነጠላ ጨምሮ፣ ተመለከቱት።

«ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?»

«ከማንም ጋር አልገናኝም።»

«ሽቦው ታዲያ?»

«ለመስማት ብቻ ነው፣ አቶ ሞላ።»

«ምን ይላሉ?»

«አይገባኝም።»

«የማይገባህን ለምን ትሰማለህ?»

«ዝም ከሚል ቤት ይሻላል ብዬ ነው» አልኩ። አቶ ሞላ ክፍሌን ቃኙ፤ አልጋውን፣ በርጩማውን፣ ሲኒውን። ቆባቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ተቀመጡና «እስኪ ክፈተው» አሉ፤ ለምርመራው።

መርፌዋን ሳንቀሳቅስ ኳስ ገባ። ሜዳ ሙሉ ሰው ይጮኻል፤ አንድ ሰውዬ ትንፋሽ እያጠረው ያወራል። ጩኸቱ ሰማይ ሲነካ አቶ ሞላ ከአልጋው ብድግ አሉ።

«ማን አገባ?»

«አላውቅም።»

«ማንና ማን ናቸው?»

«አላውቅም።»

«የት አገር ነው?»

«ስሙን ሊናገር ሲል ...» ሳልጨርስ ተነነ። አቶ ሞላ ሬዲዮውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ አልተመለሰም። እንደ ተበደለ ሰው ወደ ውጭ ወጥተው ሽቦውን እንደገና አዩት።

«ዝቅ ብሏል። በጨለማ የሰው አንገት ይይዛል። ወይ አውርደው፣ ወይ በሥርዓት ከፍ አድርገህ ስቀለው» አሉ በመንግሥት ድምፅ። ከዚያ ጠጋ ብለው በራሳቸው ድምፅ «ከፍ ካለ ኳሱም ሳይጠራ አይቀርም» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከግቢው ጥግ ያለውን ትልቁን ዋንዛ ልወጣ ተነሣሁ። በዕድሜዬ አይደለም፣ በሆዴም አይደለም፤ ትእዛዝ ስለሆነ ነው። መሰላሉ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በእጄ፣ በጉልበቴና በአርባ አራቱ ታቦት ስም ወጣሁት። የሽቦው ጫፍ ወገቤ ላይ ታስሯል። እትየ አለሚቱ ከታች «ግራህን! ኧረ ግራህን!» ይሉኛል፤ ግራ የሚሉት የራሳቸውን ግራ ነው። አናቱ ጋ ደርሼ ቅርንጫፍ አቀፍኩና ወደ ታች አየሁ። ባላይ ይሻል ነበር። ዛፍ መውጣት እንደ ሹመት ነው፤ መውጫው ይታያል፣ መውረጃው አይታይም።

እዚያው እንደ ተለጠፍኩ የደረት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጢን አለች። ከዚያ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ... እንደ ገና በዓል ቃጭል። ከሩቅ፣ ምናልባት ከደብረ ወርቅ በኩል፣ የሌላ ማማ ሞገድ እዛፉ አናት ላይ ይደርስ ኖሯል። በአንድ እጄ ዛፉን፣ በሌላው ስልኬን ይዤ አየሁት። ያመለጠ ጥሪ፣ ይታይሽ። ያመለጠ ጥሪ፣ ይታይሽ። እስከ ታች ድረስ ይታይሽ ብቻ። እኔ አንድ ማለዳ ደውዬ ተስፋ የቆረጥኩ ሰው፣ እሷ በየቀኑ ስትደውል ከርማለች።

ወዲያው ደወልኩላት። ጠራ! ሞጣ ውስጥ አንድ ስልክ ሲጠራ ሰማሁ። አላነሳችም። እሑድ ነው፤ ሰንበቴ ሄዳ ይሆናል፣ ስልኳን ቤት ትታው ይሆናል። እንደገና ልሞክር ስል ደስታው ከአፌ አመለጠና «ኧረ ኔትወርክ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ያችን ቃል ባልተነፈስኳት። ከጎረቤት፣ ከመንገድ፣ ከጠላ ቤት፣ ሰው ስልኩን እያነሣ ግቢውን ሞላው። እወጣለሁ ያለ ሁሉ መሰላሉ ጫፍ ደርሶ ቀና ይልና ይመለሳል። በመጨረሻ መሪጌታ «ሽቦው ገመድ አይደለምን?» አሉ። እትየ አለሚቱ ዘንቢል አመጡ፤ የሽቦውን ጫፍ ከወገቤ ፈትቼ በቅርንጫፍ ላይ አሳልፌ ወደ ታች ለቀቅኩት፤ ከዘንቢሉ ጋር አሰሩት። ከዓለም ዳር ድምፅ ሊያመጣ የታሰበው ሽቦ የስልክ መጎተቻ ሆነ።

መጀመሪያ የተጎተተው የእትየ ስልክ ነው። ገና እጄ ሲገባ ጮኸ። በየቀኑ የሚሞክር እንግዲህ እኔ ቤት ብቻ አልነበረም።

«እማዬ! እማ!» አለች አንዲት ድምፅ።

«ሃሎ፣ እናኑ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ተከራያቸው ነኝ።»

«እማስ? እማ የት አለች?»

ብዙ ጥሩ ጥሩ መልስ ነበር። እኔ የመለስኩት ግን «እናትሽ ታች ናት፣ እኔ ላይ ነኝ» ብዬ ነው።

ከቤሩት የመጣው ጩኸት ከዛፉ ሊጥለኝ ነበር።

«መቼ? መቼ ነው የቀበራችኋት?»

«ኧረ አልተቀበረችም! ቆማለች! ዛፉ ሥር ቆማለች!»

«ምን ትላለች?» አሉ እትየ ከታች።

«ታለቅሳለች!»

«ለምን?»

«ሞተዋል ብላ ነው!»

«እኔ? ማነው የገደለኝ?»

«እኔ ነኝ፣ እትየ!»

እትየ አለሚቱ ወደ ዛፉ ግንድ ተጠጉ። ባላቸው አቅም፣ የዋንዛው ቅጠል እስኪነቃነቅ «እናኑዬ! አለሁ!» ብለው ጮኹ። ስልኩን ወደ ታች ዘረጋሁት። ሰማችው። ልቅሶዋ ወዲያው ሌላ ዓይነት ልቅሶ ሆነ፤ እኔም ቅርንጫፉን አጥብቄ ያዝኩ።

ከዚያ አፍ ሆንኩላቸው። እትየ ይላሉ፣ እኔ ለስልኩ እላለሁ፤ እናኑ ትላለች፣ እኔ ወደ ታች እጮኻለሁ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማል።

«ትበላለች ወይ በላት!»

«እበላለሁ ትላለች!»

«ብርዱስ?»

«ልብስ አለኝ ትላለች!»

«ታዲያ ድምፅዋ ምነው ቀጠነ በላት!» እሳቸው ከየት ሰሙት? እናት ናቸው።

ጠየቅኳት። «ታምሜ ነበር» አለች። እኔ ደግሞ አፌ ለምዶ ከጆሮዬ ቀድሟል፤ «ታም ...» ብዬ መጮህ ጀምሬ ነበር። «ወንድሜ፣ በማርያም፣ ለእማ እንዳትነግርብኝ!» አለች። ቃሉ ግማሹ ወጥቷል። ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ሰው ሁሉ አንጋጦ ይጠብቃል።

«ታም... ታምር ነው! መገናኘታችን ታምር ነው ትላለች!»

እትየ አለሚቱ እልል አሉ። ግቢው አብሮ እልል አለ። መሪጌታ ጥበቡ ብቻ እልል አላሉም፤ ቀና ብለው ረጅም አዩኝ። ሰሙንና ወርቁን የለዩ ይመስለኛል። ጋቢያቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።

በእልልታው መሐል ለእናኑ «አልነገርኳቸውም» አልኳት በቀስታ። «መድኃኒት ወስደሻል?»

«አንዲት ጓደኛዬ አምጥታልኛለች። ሰው ቤት ሆነው ሲታመሙ ...» ተወችው።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጨርሺው። ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪው» አልኳት።

«እሺ፣ ወንድሜ» አለች። እንዲህ ያለ እሺ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቀኑ የእኔ አልነበረም። ዘንቢሉ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዱ ሉማሜ ላለ ወንድሙ በሬው ጠፍቶ መገኘቱን ነገረ። በሬው መጥፋቱን ገና ያልሰማው ወንድም ግራ ገባው፤ ሌላ በሬ ነው ተባለ፤ ሁለቱን በሬዎች ለማስረዳት ድምፄ ሊዘጋ ደረሰ። አንዲት ሙሽራ አማኑኤል ከተማ ያለ ባሏን «ናፍቀኸኛል በልልኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። በሹክሹክታ ዛፍ አናት አይደረስምና «ጩኺው!» አልኳት፤ ጮኸችው፤ እኔም ለማላውቀው ወንድ «ናፍቀኸኛል» አልኩት። ባልየው «አንተ ማነህ?» አለ። እሱን ለማስረዳት ከበሬዎቹ በላይ ፈጀ። አቶ ሞላ መሐል ገብተው ሰልፉን አስያዙ፤ ቀስ ብለውም የራሳቸውን ስልክ ዘንቢሉ ውስጥ ጨመሩ። ቆሎና ጠላም በዘንቢል ተላከልኝ። ጠላውን በዛፍ ላይ እንዳልጠጣ የከለከለኝ የለም፤ ግማሹ መሪጌታ ራስ ላይ ፈሰሰ።

መሐል መሐል ልቤ ወደ ሞጣ ይሄዳል። አሁን እደውላለሁ እላለሁ፤ ከታች አንዷ ዐይኗን እያበሰች ዘንቢሉን ትስባለች፤ ይቺን ብቻ እላለሁ። እውነቱን ልናገር፣ መፍራቴም ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ቃል አላጣሁም። የራሴ ስልክ ቢነሣ ግን ያችው «ደህና ናችሁ?» ነበረች ያለችኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው መሳሳት ጀመረ። የሰማ ሁሉ የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፤ ለሌላው ሊነግር። እትየ አለሚቱ «መጣሁ፣ እራት ላቅርብልህ» ብለው ገቡ። መሪጌታ የፈሰሰባቸውን ጠላ ሊያጥቡ ሄዱ። ግቢው ባዶውን ቀረ። እኔ ዋንዛው ላይ፣ እግሬ ደንዝዞ፣ ጉሮሮዬ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሻክሮ፣ የሚሞተውን የስልኬን ባትሪ እያየሁ ደወልኩ።

ጠራ። ጠራ። ተነሣ።

«ሃሎ?» አለች ይታይሽ።

«ሃሎ ትላለች!» ብዬ ወደ ታች ጮህኩ። የጮኸው ጉሮሮዬ ነው፤ እኔ አልነበርኩም።

«አንተ ነህ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነህ ወይ ትላለች!»

«ምን?... እኛ ደህና ነን። ልጅቷ ጥርሷ ተነቀለ።»

«ጥርሷ ተነቀለ!» አልኩ ለባዶው ግቢ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው? ከማን ጋር ነህ?»

ወደ ታች አየሁ።

«ከማንም ጋር» አልኳት። ይህችን አልጮህኳትም።

ትንፋሿ ይሰማኛል። ሹክሹክታ የለ፣ ጫጫታ የለ፤ እንዲህ የጠራ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አሁን «በል እንግዲህ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እንግዲያውስ» አለች ይታይሽ፣ «ለእኔ ንገረኛ።»

ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ካለሁበት ጀመርኩ።

«ዛፍ ላይ ነኝ» አልኳት።